ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለው ሥራ
ስለ ሒሳብ አያያዝና ስለ ሒሳብ መግለጫ ትምህርት ለማኅበሩ አባላትና ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በወልቂጤ ከተማ የተደረገ ንግግር





በፊታችሁ ቆሜ በዩኒቨርሲቲ ስለሚሰጠው የሒሳብ አያያዝ ትምህርት እንድናገር ስጋበዝ በመጀመሪያ የተሰማኝ መደነቅ ነበር። እኔ መሐንዲስ ነኝ። የሠለጠንሁት ስለ ምሰሶና ስለ ሶሌታ፣ ስለ አፈር ጥንካሬና ስለ ውሃ መውረጃ ነው። ይሁን እንጂ ጥሪውን የተቀበልሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ የምሕንድስና ዲግሪዬን ከያዝሁ ከዓመታት በኋላ ተመልሼ በማታው ክፍለ ጊዜ የሒሳብ አያያዝ ትምህርት የተከታተልሁ መሆኔ ነው። ሁለተኛው፣ ወደዚያ ክፍል የመራኝ ጉዳይ ለሁለቱም ሙያዎች ትምህርት ሊሆን ይችላል ብዬ ማመኔ ነው። ወደ እርሱ ከመድረሴ በፊት ግን ስለ ትምህርቱ አመጣጥ ጥቂት ልበል።

እያንዳንዱን ክንውን በዴቢትና በክሬዲት ሁለት ጊዜ የመመዝገብ ጥበብ በጣልያን ከተሞች ነጋዴዎች ዘንድ ሲሠራበት ኖሮ፣ በማተሚያ ታትሞ በሰፊው የተሠራጨው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1494 በቬኒስ ከተማ ነው። ጸሐፊው ሉካ ፓቾሊ የፍራንሲስካን ማኅበር መነኵሴና የቁጥር ትምህርት ሊቅ ነበር። መጽሐፉ ስለ አሪትሜቲክ፣ ስለ ጂኦሜትሪና ስለ ምጥጥን የሚያስተምር ሲሆን፣ የንግድ መዝገብ አያያዝ በውስጡ ከነበሩት ክፍሎች አንዱ ብቻ ነበር። ይህን የማነሣው፣ ዛሬ ተራርቀው የሚኖሩት መሐንዲስና ሒሳብ ያዥ በአንድ ወቅት ከአንድ መጽሐፍ ይማሩ እንደነበር ለማስታወስ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1898 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ ዘመናዊውን የባንክ መዝገብ አስገባ። በ1935 ዓ.ም. የተቋቋመውና ሕዝቡ «ኮሜርስ» እያለ የሚጠራው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ለመሥሪያ ቤቶችና ለድርጅቶች ሒሳብ ያዦችን አፈራ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 ደግሞ በዚያን ጊዜው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስ አድሚኒስትሬሽን ኮሌጅ ተከፈተና ትምህርቱ በዲግሪ ደረጃ ይሰጥ ጀመር። ዛሬ ለዚህ ትምህርት ወደ አዲስ አበባ መሄድ ግድ አይደለም። ከዚህች ከተማ አጠገብ፣ በጉብሬ፣ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. በሩን ከፍቶ የአካባቢውን ልጆችና ከአገሪቱ ማዕዘናት የመጡትን በአንድ ላይ ያስተምራል።

ሕጉም በበኩሉ ከትምህርቱ ጋር ሲራመድ ቆይቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነጋዴዎች መዝገብ እንዲይዙ አዝዞ ነበር። ይሁን እንጂ መግለጫዎቹ በምን ልክ ተሠፍረው ይቅረቡ የሚለው ጥያቄ ለረጅም ዘመን በየድርጅቱና በየኦዲተሩ ልማድ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ይህን የለወጠው የፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀትና አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ነው። አዋጁን ተከትሎ በደንብ ቁጥር 332/2007 የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ተቋቋመ፤ ዓለም አቀፍ የሪፖርት አቀራረብ ደረጃዎችም በመጀመሪያ በታላላቅ ድርጅቶች፣ ከዚያም በመካከለኞቹና በአነስተኞቹ ላይ ደረጃ በደረጃ እንዲተገበሩ ተወሰነ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የዲግሪ ተማሪ ሁሉ ከመመረቁ በፊት የመውጫ ፈተና ይፈተናል። ስለዚህ ሕግ አለ፣ ደረጃ አለ፣ ፈተናም አለ። እኔ ልጠይቅ የምፈልገው፣ ተማሪው እነዚህን ሁሉ ካለፈ በኋላ ከዩኒቨርሲቲው በር ውጭ ያለውን ነገር መስፈር ይችላልን የሚለውን ነው።

የጉራጌ አገር ሰው ለገንዘብና ለንግድ እንግዳ አይደለም። ልጁ በለጋ ዕድሜው ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ከሊስትሮ ሣጥን ወደ መደብ፣ ከመደብ ወደ ሱቅ መሸጋገሩ የቆየ ታሪክ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያም በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች የመንገድ ሥራ ማኅበር አቋቁመው፣ ከየአባሉ መዋጮ እየሰበሰቡና ከመንግሥት ጋር ወጪውን እየተጋሩ ወደ ትውልድ አገራቸው የሚያስገባ መንገድ አሠርተዋል። ከብዙ ሰው እጅ ጥቂት ጥቂት እየተሰበሰበ ኪሎ ሜትር ወደሚሆን ሥራ የሚለወጥ ገንዘብ፣ መተማመንና መዝገብ ከሌለው መንገዱን ሳያጋምስ ይቀልጣል። እንግዲህ ማስላትን ከውጭ መጥቶ የሚያስተምረን የለም። ከውጭ የመጣው ማስላቱን የምንጽፍበት ሥርዓት ነው። ትምህርቱም የሚደምቀው ሁለቱ ሲገናኙ ነው።

ሲገናኙ ምን እንደሚመስል በማታው ክፍል አይቻለሁ። የምንማርባቸው መጻሕፍት በባሕር ማዶ የተጻፉ ነበሩ። ድርጅቶቹ የአሜሪካ፣ ገንዘቡ ዶላር፣ ዓመቱ በታኅሣሥ የሚዘጋ ነው፤ የእኛ የበጀት ዓመት ግን ሐምሌ 1 ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል። አንድ ምሽት ከቡታጅራ የመጣች፣ ወላጆቿ ሱቅ ያላቸው የክፍል ጓደኛችን እጅዋን አንሥታ «መምህር፣ ዕቁብ የት ይመዘገባል?» ስትል ጠየቀች። ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ ግን አልሳቁም። ጥቂት አሰቡና «ሰሌዳው ላይ እንሥራው» አሉ።

ሃያ አባላት ያሉት፣ በየሳምንቱ 5,000 ብር የሚጣልበት ዕቁብ እናስብ። የአንድ ሳምንት ዕጣ 100,000 ብር ነው። በአራተኛው ሳምንት ዕጣ የወጣለት ነጋዴ እስከዚያ የጣለው 20,000 ብር ሲሆን የተቀበለው 100,000 ብር ነው። ታዲያ 80,000 ብር አተረፈን? አላተረፈም። በቀሩት 16 ሳምንታት የሚከፍለው ዕዳ ነው። ዋስ የሚጠራውም ለዚህ ነው። በሌላ በኩል፣ እስከ አሥራ አምስተኛው ሳምንት ዕጣ ያልደረሰው ነጋዴ የጣለው 75,000 ብር ወጪ አይደለም፤ ከአባላቱ የሚሰበስበው ሀብት ነው። ሁለቱም ነጋዴዎች የሱቃቸውን ትርፍና ኪሣራ በዕቁብ ምክንያት በአንድ ብር እንኳ ሊለውጡ አይገባም። ይህ በሰሌዳው ላይ ሲጻፍ ከሳቁት ተማሪዎች ግማሾቹ የቤተሰባቸውን ሱቅ መዝገብ እያሰቡ ዝም አሉ። «ተሰብሳቢ» እና «ተከፋይ» የሚባሉት ቃላት ትርጉማቸው የገባን በዚያ ምሽት ነው።

ከዚያ በኋላ እኔም በበኩሌ በገበያው ውስጥ ትምህርት እፈልግ ጀመር። ቡታጅራ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ የማረቆ በርበሬ የሚገባባትና የሚወጣባት የንግድ ከተማ ናት። ለምሳሌ ያህል አንድ ነጋዴ 1,000 ኪሎ በርበሬ በ300 ብር ሒሳብ ገዝቶ በመጋዘን አስቀመጠ እንበል። ያወጣው 300,000 ብር ነው። በርበሬው ግን ይደርቃል። ከሁለት ወር በኋላ ሲመዘን 940 ኪሎ ቢሆን፣ የአንዱ ኪሎ ዋጋ 300 ብር መሆኑ ቀርቶ ከ319 ብር በላይ ሆኗል ማለት ነው። ነጋዴው ግን የገዛበትን ዋጋ ብቻ አስታውሶ በ315 ብር ይሸጥና በየኪሎው 15 ብር፣ በጠቅላላው 14,100 ብር ያተረፈ ይመስለዋል። በእጁ የገባው 296,100 ብር ስለሆነ በእርግጥ 3,900 ብር ከስሯል። ስለ ዕቃ ክምችት የሚናገረው የዓለም አቀፍ ደረጃ ቁጥር 2 የሚያዝዘው ቃል ረቂቅ ቢመስልም፣ በዚህ በርበሬ ላይ ሲውል ግን ሚዛን የያዘ ሰው ሁሉ ይረዳዋል። ያው ደረጃ በዓመቱ መዝጊያ ላይ የገበያው ዋጋ ከተገዛበት በታች ወርዶ ከሆነ ዕቃው በዝቅተኛው ዋጋ እንዲመዘገብ ያዝዛል። ይኸውም ነጋዴው ኪሣራውን ከራሱ እንዳይደብቅ ነው።

ሌላው ምሳሌ በየጓሮው የቆመው እንሰት ነው። ዓለም አቀፍ ደረጃ ቁጥር 41 ስለ እርሻ የሚናገር ሲሆን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2016 መጀመሪያ አንሥቶ በሥራ ላይ በዋለው ማሻሻያ መሠረት፣ ራሳቸው ሳይሸጡ ለብዙ ዓመታት ምርት ብቻ የሚሰጡ ተክሎች ከዚህ ደረጃ ወጥተው እንደ ሕንፃና እንደ መሣሪያ በደረጃ ቁጥር 16 እንዲያዙ ተደርጓል። በዚህ ሕግ የቡናው ዛፍና የጫቱ ቁጥቋጦ እንደ መሣሪያ ይቆጠራሉ፤ የእርጅና ቅናሽ ይሰላባቸዋል። እንሰትስ? እንሰት ለዓመታት ያድጋል፣ ሲደርስ ግን ግንዱም ሥሩም ተነቅሎ ይፋቃል፤ ቆጮው ሲወጣ ተክሉ የለም። ስለዚህ እንሰት ምርት ሰጪ መሣሪያ አይደለም፤ ራሱ ምርቱ ነው። ሲያድግ የሚጨምረው ዋጋ በየዓመቱ መሰፈር አለበት። በአንድ ጓሮ ውስጥ ጎን ለጎን የቆሙ ቡናና እንሰት በሁለት የተለያዩ ደረጃዎች ይሰፈራሉ ማለት ነው። ባለጓሮዋ እናት መዝገብ ባትይዝም የትኛው ተክል ስንት ዓመቱ እንደሆነና መቼ እንደሚፋቅ ለይታ ታውቃለች። ተማሪው ከእርስዋ ጋር ግማሽ ቀን ቢውል የቁጥር 41ን ሐሳብ ዕድሜውን ሁሉ አይረሳውም ብዬ አምናለሁ።

ክቡራን አባላት፣ አሁን ወደ ራሳችን ቤት፣ ወደ ግንባታው ሥራ እገባለሁ። ለምሳሌ ያህል የ12 ሚሊዮን ብር ውል የተዋዋለ የሥራ ተቋራጭ 30 በመቶ ቅድመ ክፍያ፣ ማለትም 3.6 ሚሊዮን ብር ተቀበለ እንበል። ከጥቂት ወራት በኋላ የ4 ሚሊዮን ብር ሥራ ሠርቶ የክፍያ ሰርተፊኬት ቀረበለት። ከዚህ ላይ ለቅድመ ክፍያው ተመላሽ 30 በመቶ፣ ማለትም 1.2 ሚሊዮን፣ ለመያዣ 5 በመቶ፣ ማለትም 200 ሺሕ ብር ተቀንሶ 2.6 ሚሊዮን ብር ተከፈለው። ግብሩን ለጊዜው እንተወው። በጠቅላላው በእጁ የገባው 6.2 ሚሊዮን ነው። ለሥራው ያወጣው 3.5 ሚሊዮን ቢሆን በባንክ ደብተሩ ላይ 2.7 ሚሊዮን ብር ይታየዋል። ተቋራጩ ይህን አይቶ መኪና ይገዛል። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንደተባለው ነው። ከዚህ ገንዘብ ውስጥ የእርሱ ትርፍ 500 ሺሕ ብር ብቻ ነው። 2.4 ሚሊዮን ብሩ ገና በሥራ የሚመልሰው የአሠሪው ገንዘብ ነው። ልዩነቱን የሚሞላው 200 ሺሕ ብር ደግሞ በመያዣነት ገና በአሠሪው እጅ ነው። የባንክ ደብተር ይህን አይናገርም። ይህን የሚናገረው በሥርዓት የተሠራ የሀብትና ዕዳ መግለጫ ነው።

ነገር ግን መግለጫው የሚናገረው በላዩ የተጻፈው የሥራ መጠን እውነት ሲሆን ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2018 መጀመሪያ አንሥቶ የቀድሞውን የኮንትራት ሒሳብ ደረጃ የተካው አይ.ኤፍ.አር.ኤስ. 15 ገቢ የሚመዘገበው ገንዘብ ሲገባ ሳይሆን ሥራው ሲከናወን ነው ይላል። ብዙ ጊዜ ሥራው ምን ያህል እንደተከናወነ የሚናገረው ማን ነው? ሜትር ይዞ የሚለካው መሐንዲስ ነው። የሒሳብ ያዡ የመጀመሪያ መስመር የእኛ ፊርማ ነው።

እዚህ ላይ በመግቢያዬ ያቆየሁትን ጉዳይ እናገራለሁ። ከዓመታት በፊት በቡታጅራ በሚሠራ አንድ ሕንፃ ላይ የአማካሪው ተጠሪ መሐንዲስ ነበርሁ። ወሩ ሰኔ ነበር። ተቋራጩ ዓመቱ ከመዘጋቱ በፊት መግለጫው እንዲያምርለት ይፈልግ ነበርና፣ በሚቀጥለው ሳምንት የሚሞላውን የሁለተኛውን ፎቅ ሶሌታ፣ 60 ሜትር ኩብ አርማታ፣ እንደ ተሞላ አድርጌ እንድጽፍለት ለመነኝ። ፌሮው ታስሯል፣ ማቀፊያ ጣውላው ቆሟል፣ የቀረው ሲሚንቶው መምጣት ብቻ ነው። «የአንድ ሳምንት ነገር ነው» ብዬ ፈረምሁ። ወጣቱ ሒሳብ ያዥ ስልክ ደውሎ «ኢንጂነር፣ ሥራው በእርግጥ አልቋል?» ሲል ጠየቀኝ። «አልቋል ማለት ይቻላል» አልሁት። እርሱም እንደ ገቢ መዘገበው። ባንኩም በዚያ መግለጫ ላይ ተመሥርቶ አበደረ።

ሲሚንቶው አልመጣም። ቅድመ ክፍያው ለካ በሌላ ነገር ላይ ውሎ ኖሯል። የሐምሌ ዝናብ ወረደ፤ ጣውላው ውሃ ጠጥቶ ጎበጠ፤ ፌሮው ዛገ። በነሐሴ ሥራው ቆመ። የቀን ሠራተኞቹ የሳምንታት ክፍያቸውን ሳያገኙ ተበተኑ። የሥራ ቦታው ጥበቃ የነበሩ አዛውንት፣ እርሳቸውም ደመወዛቸው የቀረባቸው፣ ዕቃዬን ልወስድ በሄድሁበት ቀን «ልጄ፣ አንተ አልቋል ብለህ ፈርመህለት የለም እንዴ? ታዲያ ያለቀው ሥራ ደመወዙ የት ሄደ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። አዛውንቱ ዴቢትና ክሬዲት አልተማሩም፤ ጥያቄያቸው ግን የኦዲተር ጥያቄ ነበር። እያንዳንዱ ቁጥር ከበስተጀርባው አንድ ነገር ይኖረዋል፤ የጻፍሁት 60 ሜትር ኩብ ግን ከበስተጀርባው ምንም አልነበረውም።

ወደ ማታው ክፍል የሄድሁት ከዚህ በኋላ ነው። በዚያም ሒሳብ ያዦች ታማኝ አቀራረብ የሚሉትን መርሕ ተማርሁ። ይኸውም መግለጫ የተሟላ፣ ወደ ማንም ያላዘነበለና ከስሕተት የጸዳ ሆኖ ነገሩን እንዳለ ያሳይ የሚል ነው። ያንን ሰርተፊኬት በዚህ መርሕ ስመዝነው፣ ስሕተቱ የመደመር አለመሆኑን፣ ያልተደረገውን እንደ ተደረገ አድርጎ የመመስከር መሆኑን ተረዳሁ። ወጣቱ ሒሳብ ያዥ የተማረውን በትክክል ሠርቷል። የጎደለው አንድ ነገር ነበር፤ ስልኩን ዘግቶ፣ ቦት ጫማ አድርጎ፣ ሶሌታውን በዓይኑ ማየት። ይህን ያላስተማረው ትምህርት ቤት ነው፤ ያታለለው ግን እኔ ነኝ።

ከዚህ ልምድ በመነሣት ሦስት ሐሳቦችን ላቅርብ።

አንደኛ፣ ማንኛውም የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ከመመረቁ በፊት በወልቂጤ ወይም በቡታጅራ፣ ወይም በተወለደበት ከተማ፣ የአንድ ትንሽ ሱቅ፣ የአንድ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም የአንድ አነስተኛ ተቋራጭ መዝገብ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ድረስ ቢይዝ መልካም ነው። የአንድ ወር ልምምድ የዓመቱን መክፈቻ ወይም መዝጊያውን ያሳየው ይሆናል እንጂ፣ ሁለቱን የሚያያይዘውን አያሳየውም።

ሁለተኛ፣ የትምህርቱ ምሳሌዎች ከገበያችን ይውጡ። ዕቁቡ፣ በርበሬው፣ እንሰቱና የግንባታ ውሉ በክፍል ውስጥ ይሠሩ። የዓለም አቀፉ ደረጃ በዚህ አይቀንስም፤ እንዲያውም እግር ያበቅላል። ተማሪው ደግሞ የተማረውን ለነጋዴው በአማርኛና ነጋዴው በሚናገረው ቋንቋ ማስረዳት ይልመድ። ለባለሱቁ ሊያስረዳው ያልቻለውን ሒሳብ እርሱ ራሱ ገና አላወቀውም።

ሦስተኛ፣ ይህ ለእኛ ለመሐንዲሶች ነው። የምሕንድስና ተማሪዎች ቢያንስ የክፍያ ሰርተፊኬት በሒሳብ መግለጫ ውስጥ ምን ሆኖ እንደሚወጣ ይማሩ፤ የሒሳብ አያያዝ ተማሪዎችም የሥራ መጠን እንዴት እንደሚለካ በሥራው ቦታ ላይ ይዩ። ማኅበራችን ለዚህ የሚሆን የግንባታ ቦታና የሚያስጎበኝ መሐንዲስ ማቅረብ አያቅተውም።

በመጨረሻ ለተማሪዎቹ የምናገረው አለኝ። ከዩኒቨርሲቲ ስትወጡ የምትቀርቧቸው ባለሱቆችና ተቋራጮች ብዙዎቹ ሒሳብ ያዥን ለግብር መሥሪያ ቤቱ ሲባል ብቻ የሚጠራ ሰው አድርገው ያዩት ይሆናል። «አሳንሰህ ጻፍልኝ» የሚል ይመጣል፤ ባንክ ሲሄድ ደግሞ «አብዝተህ ጻፍልኝ» ይላል። በዚያን ጊዜ የሚደግፋችሁ በፈተና ያገኛችሁት ውጤት አይሆንም። ሄዳችሁ ያያችሁት፣ የመዘናችሁትና የቆጠራችሁት ነገር ነው። እንደ እኔ ያለ መሐንዲስ በስልክ «አልቋል ማለት ይቻላል» ቢላችሁ አትመኑት። ሒዱና እዩ።